የመሰንቆው ፔዳል

መሰንቆ የሚመታ ሰው ሁለቱም እጆቹ ሥራ ላይ ናቸው። ግራው አውታሩን ይጫናል፣ ቀኙ ደጋኑን ይገዘግዛል። ታዲያ ድምፁን ዝቅ ላድርግ ቢል በምኑ ያድርገው? ይህን ጥያቄ አንድም ሰው ሳያነሳብኝ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ ከተጠየቅኩ በኋላ ግን እረፍት ነሳኝ።

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጥገና ሱቅ አለችኝ። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ስፒከር፣ አምፕሊፋየር፣ የተበላሸ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ቤተሰቦቼ አዲስ ዓለም ሰፈር ከቅድመ አያት ጀምሮ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው፤ ከጨርቁ ወጥቼ ከሽቦ ጋር የተጠላለፍኩት እኔ ብቻ ነኝ። አባቴ እስኪሞት ድረስ "ይህ ልጅ መቼ ነው ሥራ የሚጀምረው?" እያለ ይጠይቅ ነበር። ድምፅ እየጠገንኩ እኖራለሁ፣ ጫጫታ ግን አልወድም። ደንበኛ ሱቄ ውስጥ ስፒከር ከፍቶ ሲያስጮህ ደሜ ይፈላል። ሰው ሁሉ ቁጡ ነህ ይለኛል፤ እውነቱን ነው።

አንድ ጠዋት ባልና ሚስት አምፕሊፋየር ተሸክመው መጡ። ሁለቱም አዝማሪዎች ናቸው፤ እሱ መሰንቆ ይመታል፣ እሷ ትዘፍናለች። ከገጠር ወጥተው ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ፀዳ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ከተማ ውስጥ አንድ አዝማሪ ቤት ተቀጥረዋል፤ የሰርግ ሰሞን ሲሆን ደግሞ የጠራቸው ሁሉ ዘንድ ይሄዳሉ። እሷን በመልክ አላውቃትም ነበር፣ በድምፅ ግን አውቃታለሁ። ጎረቤታችን ልጁን ሲድር የተቀረፀ ቪዲዮ ነበረኝ፤ ዘፋኟ እሷ ነበረች። የጠገንኩትን ስፒከር ሁሉ የምፈትነው በዚያ ዘፈን ነው። ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ ወደ ላይ ሲወጣ የማይሰነጠቅ ድምፅ ነበራት።

"አንቺ ነሽ እንዴ?" አልኳት ደስ ብሎኝ።

መልስ ልትሰጠኝ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። ባሏ ፈጠን ብሎ "አያ፣ ጠዋት ጠዋት አይወጣላትም። ወደ ከሰዓት ሲሆን ነው የሚከፈትላት" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአዝማሪ ቤቱ ባለቤት ዘመኑን ልምሰል ብሎ ትልልቅ ስፒከሮችና በራሱ ከበሮ የሚመታ መሣሪያ አስገባ። መሰንቆው በዚያ መሃል እንዲሰማ ቆዳው ላይ ትንሽ ማይክ ተለጠፈበት። መሰንቆው ጮኸ፤ እሷ ደግሞ ከመሰንቆው በላይ ለመሰማት ጮኸች። እንዲህ እያለች ከርማ ጉሮሮዋ ታመመ። ሐኪም አይቷት ውስጡ እብጠት እንዳለ ነገራት፤ መጮህ ካላቆመች ድምፅዋ ጨርሶ እንደሚሄድ አልደበቃትም።

"ታዲያ አንተ ምነው ዝቅ አድርገህ አትመታም?" ብዬ ባሏ ላይ ጮህኩበት። እኔ ስለ ጩኸት ስቆጣ እጮሃለሁ።

አልተቆጣም። እጆቹን ዘርግቶ አሳየኝ። "እሷ ስትገጥም ዝቅ ማለት አለብኝ። ስትጨርስ ከፍ ካላልኩ ጨዋታው ይሞታል። እንግዳ ተነስቶ 'ተቀበይ' ብሎ ግጥም ሲሰጣት ደግሞ ጭራሽ ካልጠፋሁ የሚላትን አትሰማውም። ድምፅ መቀነሻው ከጀርባዬ ነው ያለው። በየትኛው እጄ ልድረስበት አያ?"

እሷ ወደ ጠረጴዛዬ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ "ሌላ ሥራ አላውቅም። እናቴም አያቴም በዚሁ ነው ያደሩት" አለችኝ። አምፕሊፋየሩን ጠግኜ ሰጠኋቸውና ለድምፁ ነገር አንድ መላ እፈልጋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ቃል ስገባ ምን እንደምሠራ አላውቅም ነበር።

ለእግር የሚሆን ድምፅ መቆጣጠሪያ መኖሩን አውቃለሁ። ከባንድ ጋር የሚሠራ አንድ ኦርጋን ተጫዋች ከውጭ የመጣለትን ፔዳል ለጥገና ሱቄ ትቶት ነበር። የከሰል ካውያ የሚያህል፣ ከጫማዬ የሚረዝም ከባድ ብረት ነው። ጣትህን ጫን ስትል ድምፁ ይጨምራል፣ ተረከዝህን ጫን ስትል ይቀንሳል። መሰንቆ መቺውን ጠርቼ ባሳየው ሳቀብኝ።

"እኛ የምንቆምበትን ጥግ ቢያዩት ኖሮ! እንግዳው እስክስታ ሲወርድ እግራችን ላይ ነው የሚወርደው። ይህን ጋሪ የት አቆመዋለሁ?"

ስለዚህ ማሳነስ ነበረብኝ። የማይሠራ ፕሪንተር ፈትቼ ሁለት ጥርሶች፣ እርስ በርስ ተያይዘው የሚዞሩ ትንንሽ ጎማዎች፣ አወጣሁ። ከአሮጌ ሬዲዮ ቮልዩሙን ነቀልኩ፤ በጣት እያዞርን ድምፅ የምንጨምርበትን ነገር ማለቴ ነው። ሰፈራችን ያለው ብየዳ ቤት የእግርን ግማሽ ብቻ የሚሸከም አጭር መርገጫ ሠራልኝ። ማምሻውን ሳሎን ተቀምጬ ስረግጥና ስለቅ ያየችኝ ባለቤቴ "አባትህ ነፍሱ ደስ ይበላት፤ በመጨረሻ ልብስ ስፌት ጀመርክ" አለችኝ። እኔም ስቄ መርገጤን ቀጠልኩ።

ሲያልቅ ሱቅ ጠራኋቸው። ወንበር ሰጠሁት፤ ቀጥ ብሎ ተቀመጠና መሰንቆውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መምታት ጀመረ። በእግር ጣቱ ቀስ ብሎ ሲጫን መሰንቆው ከፍ አለ፤ ለቀቅ ሲያደርገው እንደ ሐር ክር ቀጠነ። እንከን አልነበረውም። ሚስቱ ሁለት እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ እያየችኝ ዓይኗ እንባ ሞላ። እውነቴን ነው፣ የዚያን ቀን ሱቄን ዘግቼ ስሄድ ፒያሳን ራሷን እኔ የሠራኋት መስሎኝ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ ፔዳሉን ይዘውት ተመለሱ። ድምፁ በራሱ ይወጣል፣ በራሱ ይወርዳል፤ አንዱን ቃል ይሰሙና ሌላው ይዋጣል አሉኝ። ፈትቼ አጸዳሁት። ደግመው መጡ። ቮልዩሙን ቀየርኩት። ደግመው መጡ። በዚህ ጊዜ መብራቱን ጥፋተኛ አደረግሁ፤ በከተማችን መብራት ላይ የማይላከክ ጥፋት የለም። እኔ ሱቅ ውስጥ ስሞክረው ግን አንድም ቀን አይበላሽም። ሄጄ እንዳላየው ደግሞ ሙስሊም ነኝና መጠጥ ቤት አልገባም። በዚህ ሁሉ መሃል እሷ እየባሰባት ነበር። አሁን ከሰዓት በኋላም ስታወራ የሚወጣው ድምፅ የተቀደደ ወንፊት ሆኗል። እኔም በመጡ ቁጥር ባሏን በቁጣ አዋክበው ነበር።

ከዚያ የኮሶዬው ሰርግ መጣ። ኮሶዬ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ያለው አንድ ደንበኛዬ ልጁን ሊድር ጠራኝ፤ አዝማሪዎቹ እነሱ መሆናቸውን ስሰማ ሱቄን ዘግቼ በሚኒባስ ወጣሁ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ለእኛ ለሙስሊሞቹ እንደ ወጉ የራሳችን ሰው አርዶ፣ ለብቻ ተሠርቶ፣ ለብቻ ማዕድ ተዘርግቶልናል። ብርዜን ይዤ ከአዝማሪዎቹ ጎን የሚያስቀምጥ ቦታ መረጥኩ። ደጋሹ ወደ ክብር ቦታ ሊወስደኝ ቢለምነኝ እምቢ አልኩት።

መሰንቆው ተጀመረ። ወዲያው ድምፁ መዝለል ጀመረ፤ ይጮሃል፣ ይጠፋል፣ ይጮሃል፣ ይጠፋል። ዓይኔን ከእጆቹ አውርጄ እግሩን አየሁ። ሰውዬው በቀኝ እግሩ መሬቱን እየወቀጠ ነው! ከወገቡ በላይ ሌላ ሰው፣ ከወገቡ በታች ሌላ ሰው። እግሩ በምቱ ልክ ይነሳል፣ በምቱ ልክ ይወርዳል፤ ከዚያ እግር ስር ደግሞ የእኔ ፔዳል አለ። ፔዳሉ ምንም አልሆነም፤ የታዘዘውን አንድ በአንድ እየፈጸመ ነው። ብርዜ ትን እስኪለኝ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ያን ሁሉ ቁጣዬን አስታውሼ አፈርኩ።

ሊያርፉ ሲቀመጡ ሄጄ "ይህን እግርህን ምነው ሱቄ ውስጥ አላሳየኸኝም?" አልኩት።

"የቱን እግር?" አለኝ። መምታቱን ራሱም አያውቅም! ስነግረው ፈገግ አለ። "በአንቱ ሱቅማ እንዴት ብዬ? በታላቅ ሰው ፊት ተቀምጬ እግሬን ላወራጭ? አሳዳጊ የበደለው ነው የሚሉኝ።"

ይኸው ነው። አክብሮኝ ቀጥ ብሎ ስለተቀመጠ እኔ ለማይጫወት ሰው ፔዳል ስሠራ ከረምኩ። "እንግዲያው እግርህን አሳርፈውና ሞክር" አልኩት። እሺ ብሎ ሞከረ። ድምፁ መዝለሉን ተወ፤ ጨዋታው ግን ሞተ። ለእስክስታ የተነሱት የሙሽራው አጎቶች እርስ በርስ ተያይተው አንድ በአንድ ተቀመጡ። እሷም መቼ እንደምትገባ ጠፋባት። ወደ እኔ ጎንበስ ብላ "እኔኮ እግሩን እያየሁ ነው የምገባው" አለችኝ። ስለዚህ እግሩ መምታት አለበት፣ ድምፁ ደግሞ የእግሩን ምት መስማት የለበትም። ይህን ነገር ይዤ ከዳሱ ወጣሁ።

ስወጣ ዓይኔ ሌላ ቦታ ነበርና እበት ረገጥኩ። እየተራገምኩ ጫማዬን ሳሩ ላይ መጥረግ ጀመርኩ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንደጠረግሁ ቆምኩ። ተረከዜ አንድ ቦታ ተተክሏል፣ ጣቶቼ ወደ ጎን ይሄዳሉ ይመጣሉ። ለካ እግር ወደ ጎንም ያውቃል! ለጨዋታ ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚመታው፤ ወደ ጎን የሚሄደው ባለቤቱ ሲፈልግ ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ ከዳሱ ወጥተው እበቱን እንደገና ረግጬ እንደገና ስጠርግ አዩኝ። "ምነው ልጄ፣ ደህና ነህ?" አሉኝ። ደህና ነኝ አልኳቸው፤ ያመኑኝ አይመስለኝም።

አዲሱን ስሠራ መርገጫ የሚባለውን ነገር ጨርሶ ተውኩት። ከአንድ ሳሙና ብዙ የማትበልጥ የብረት ሳጥን አሠራሁና በላይዋ ሁለት አጫጭር ቀንዶች አወጣሁ። የጫማው አፍንጫ በቀንዶቹ መሃል ይገባል። እግሩ እንደልቡ ቢነሳ ቢወርድ ሳጥኗ አታውቀውም፤ የግራውን ቀንድ ገፋ ሲያደርግ ድምፁ ይወርዳል፣ የቀኙን ሲገፋ ይወጣል። ጥርሶቹ ቦታ ስለፈጁብኝ በእነሱ ምትክ የድሮ ሬዲዮ ጣቢያ መፈለጊያ ክር ቮልዩሙ ላይ ጠመጠምኩ። ስሯ እንዳይንሸራተት ከበረባሶ የተቆረጠ ጎማ ለጠፍኩባት። በዚያ ላይ እግሩን ሲያነሳ ድምፁ በተወው ቦታ ላይ ይቆያል፤ ይህ ከሁሉ በላይ አስደሰተኝ።

በዚህ ጊዜ ሱቅ ውስጥ ወንበር አልሰጠሁትም። አቆምኩትና "ዛሬ ታላቅ ሰው አይደለሁም፤ ሰርግ ነኝ፣ ምታ!" አልኩት። መጀመሪያ ተሽኮረመመ። ቆይቶ ግን እግሩ ራሱ ጀመረ፤ መደርደሪያዬ ላይ ያሉት ሬዲዮኖች ሁሉ ተንቀጠቀጡ። ሳጥኗ ንቅንቅ አላለችም። እሷ አንስታ አገላብጣ አየቻትና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት፤ ቦርሳው ያለ ችግር ተዘጋ።

ፀዳ አንድ ቤት የመልስ ግብዣ ላይ ሲሠሩ ለማየት ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም፤ አዝማሪዎቹ ዘመዳችን ነው ብለው አስገቡኝ። ቀትር ላይ ነው፣ ዳሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። እሱ ጥጉን ይዞ ቆመ፣ እሷ በቀኙ ቆመች። መሰንቆው ከፍ ብሎ ተነሳ፣ እግሩ መሬቱን ይወቅጣል፣ ሰው ይጨፍራል። አንዲት የዝላይ ድምፅ የለችም። በደስታ ጉልበቴን መታሁ።

ከዚያ የግጥሙ ተራ ደረሰ። የእግር ጣቱን ወደ ግራ ገፋ፣ መሰንቆው ዝቅ አለ፣ እሷ ጀመረች። ያኔ የሰማሁትን ለመስማት አልተዘጋጀሁም ነበር። ድምፅዋ ተሰንጥቋል። ከታች ያለው ሻካራ ነው፣ ወደ ላይ ስትወጣ ደግሞ መሃል ላይ ይቆረጥና ትንፋሽ ብቻ ይቀራል። እስካሁን ይህን ሁሉ ጩኸቱ ሸፍኖት ኖሯል። አሁን የሚሸፍነው የለም፤ የሸፈነውን ያነሳሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ወንበሬ ላይ ሆኜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

የሚጨፍሩት ቆሙ። ከኋላ አንዱ "ምን ሆና ነው?" ሲል ሰማሁ። ባሏን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ከስፒከሩ አጠገብ ቆሞ የኖረ ሰው ነው፤ ሚስቱን እንዲህ ሆና ስትዘፍን ሲሰማት ለእሱም የመጀመሪያው ነበር። እግሩ መምታቱን ተወ። ቀስ ብሎ ጣቱን ወደ ቀኝ ገፋ፤ መሰንቆው ተነሳና ድምፅዋን ሸፈነባት። ክፋት አልነበረበትም፤ አዝኖላት ነው፣ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው።

እሷ መዝፈኗን አቆመች። ቀና ብላ አየችው። አንድ እርምጃ ተጠጋችና በጫማዋ ጎን የቀኙን ቀንድ ወደ ግራ መለሰችው። መሰንቆው ዝቅ አለ። ጫማዋን እዚያው ተክላ ወደ እንግዶቹ ዞረች፣ ካቆመችበትም ቀጠለች። የሌላ ሰው እግር ሊደርስባት እንደሚችል ሳጥኗን ስሠራ አላሰብኩበትም ነበር።

ከፊት ወንበር የሙሽሪት እናት ተነሱ። ደካማ ሴት ናቸው፤ በዚያ በቀደመው ጫጫታ ቢሆን አጠገባቸው ያለው ሰው እንኳ አይሰማቸውም ነበር። "ተቀበይ ልጄ" አሏት።

"ልበል እማማ" አለች።

ግጥሙን በዚያች ቀጭን ድምፃቸው ሰጧት፦

ልጄን ሰጠኋችሁ ከነሳቅ ጨዋታ፣
ዝም ያለች እንደሆን ጠይቁልኝ ማታ።

አንድም ቃል አላመለጣትም። በዚያ በተሰነጠቀ ድምፅ ተቀብላ፣ የመጀመሪያውን ቤት አድርሳ፣ ሁለተኛው ላይ "ዝም" ስትል ድምፅዋ ተቆረጠ። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ጠበቃት። የባሏ ጣት እንደገና ወደ ቀኝ ሲገፋና ቀንዱ ጫማዋ ላይ ተደግፎ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ትንፋሿን ሰብስባ "ጠይቁልኝ ማታ" ብላ ጨረሰችው፤ እግሯን ግን አላነሳችም።